ውኃው አልተመረዘም

፩

«ውኃ አትጠጡ! የቧንቧ ውኃ አትጠጡ! ተመርዟል!»

ባጃጁ ገበያውን እየዞረ ይጮኻል። ጣሪያው ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው የዕድር ስብሰባና የሎተሪ ዕጣ ብቻ ነበር።

አንዲት ሴት ተሸክማ የመጣችውን ጀሪካን መንገዱ ላይ ደፋችው። ሌላዋ የልጇን ማጅራት ይዛ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከተተች፤ ልጁ እያለቀሰ ቁርሱን አስመለሰ። አንድ ሻይ ሻጭ ደንበኞቹ የጀመሩትን ብርጭቆ ትተው ሲነሡ እያየ፣ «እኔም ከዚሁ ነው የጠጣሁት እኮ!» ይላል። የሚሰማው የለም።

ከዚያ አንድ ሰው ስም ጠራ።

«ደምሰው ነው! ዱቄቱን ሲጨምር ታይቷል!»

ሰዉ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ዞረ።

፪

ይህን ታሪክ ቆራርጬ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። በአንድ ትንፋሽ ስነግረው ሰው ያቋርጠኛል። አንዱ «የጦር መሣሪያ ነበር አይደል?» ይለኛል። ሌላው «ሴትዮዋ ግን እንዴት አስቻላት?» ብሎ ፊቱን ያኮማትራል። ሁለቱም መጨረሻውን አይጠብቁም። ቁጥር ስሰጠው ግን ሰው የሚቀጥለውን ቁጥር ይጠብቃል።

ስሜ ውባለም ነው። ጤና መኮንን ነኝ። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል፤ ማረም ከተውኩ ቆየሁ። ከተማዋን በሬ ገደል እላታለሁ፤ ካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም፣ ስሟን ቀይሬዋለሁ። አንዲት ትንሽ ሆስፒታል አለቻት፤ ከፊት ለፊቷ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ፖሊስ ጣቢያ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የመንገድ ሥራ ካምፕ አለ።

ጊዜው ደግ አልነበረም። ከማዶ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ እንኳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለምዶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ተመርዟል» የሚል ቃል ማስረጃ አይጠየቅም።

ወደ ባጃጁ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሕመምተኞቹን ላስተዋውቃችሁ።

፫

ቀድማ የመጣችው እማዋይሽ ናት፤ የካምፑ ምግብ አብሳይ። ባሏ ደምሰው የከተማው ውኃ አገልግሎት ሠራተኛ ነው፤ ኮረብታው ላይ ባለው ማጠራቀሚያ ክሎሪን የሚጨምረው እሱ ነው። አማቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ የደምሰው እናት፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እማዋይሽን ደግፈው ያመጧት እሳቸው ናቸው፤ ከመጡም በኋላ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሡም።

ትኩሳቷ ገና ስነካት እጄን ያቃጥል ነበር። ጠቋሚ ጣቷ ላይ ጠርዙ የደደረ፣ አልድን ያለ ቁስል አለ። ብብቷ ውስጥ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ንፍፊት።

«ቢላዋ ነው ዶክተር» አለችኝ። «ሽንኩርት ስከትፍ።»

ቀጥላ ሙላቷ መጣች፤ የካምፑ ዕቃ አጣቢ፣ ጡት የምታጠባ ልጅ እግር እናት። ቁስልም ንፍፊትም የላትም። ሳል ብቻ። ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትስለው።

ከዚያ አቶ ጓንጉል፣ የካምፑ ዘበኛ። አንገታቸው አብጦ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው፣ በምልክት እያወሩ መጡ።

ሦስቱም ከአንድ ቦታ ናቸው። ግን ካምፑ የሚጠጣው ከተማው የሚጠጣውን ውኃ ነው፤ ስለዚህ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ውኃውን ነው። ከመድኃኒት ቤታችን ጠንካራ የሚባለውን ሴፍትሪያክሶን ጀመርኩላቸው። ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ከእማዋይሽ ቁስልና ከሙላቷ ደም ናሙና ወስጄ አዲስ አበባ ላክሁ።

፬

ጥያቄ

(በክፍሉ ውስጥ ያሉት፦ እማዋይሽ አልጋ ላይ፣ እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከራስጌዋ፣ እኔ።)

እኔ፦ ከመታመምሽ በፊት የነካሽው እንስሳ አለ? የታመመ፣ የሞተ?

እማዋይሽ፦ አብሳይ አይደለሁ? በግ አለ፣ ዶሮ አለ። ውዬ የምገባው ከሱ ጋር ነው።

እኔ፦ ከዚያ ሌላስ?

እማዋይሽ፦ ሌላ ምን ይኖራል?

እኔ፦ የዱር እንስሳ። ማንኛውም።

እማሆይ፦ በስመ አብ! ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ይቺ እኮ የቄስ ልጅ ናት።

እማዋይሽ፦ የለም ዶክተር። ሌላ የለም።

ይህን ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያመማት መሰለኝ።

አቶ ጓንጉልን ስጠይቃቸው በእጃቸው ወደ በሩ አሳዩኝ፦ እኔ የበር ሰው ነኝ፣ ወጥ ቤት ምን አውቃለሁ። ሙላቷን አልጠየቅኋትም። ለመልስ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም።

፭

ስልኩ የተደወለው ሙላቷ ኦክስጅን ላይ እንዳለች ነው።

«ዶክተር ማህደር እባላለሁ፣ ከላቦራቶሪው። ብቻሽን ነሽ?»

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። «ነኝ።»

«ቱላሬሚያ ነው።»

ይህን ቃል ተማሪ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼው፣ ከፈተናው ማግሥት ረስቼዋለሁ። በእኛ አገር ታይቷል ያለኝ አስተማሪም አልነበረም።

«የያዝሽውን መርፌ ተዪው፤ አይነካውም። ጄንታማይሲን ጀምሪ። አሁኑኑ። ደግሞ አትፍሪ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እኛ ነን መፍራት የሚገባን፤ ናሙናውን ለምርመራ ያራባው ባልደረባዬ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳህኑን በግላጭ ከፍቶታል። እሱንም መድኃኒት አስጀምረነዋል።»

«ከየት መጣ?»

«እሱን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ብዙውን ጊዜ ከጥንቸል ነው፤ ከአይጥ ወይ ከመዥገርም ሊሆን ይችላል። ሰዎቹን እንደገና ጠይቂያቸው። ውባለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ረቂቅ ተዋሕስ ለጦር መሣሪያነት ይውላሉ ተብለው ከሚፈሩት አንዱ ነው። የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ። ካንቺ ጋር ስጨርስ ሌላ ቦታ እደውላለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሕክምና ብቻ አይሆንም።»

«ትንሽ ብትቆዪስ?»

«አልችልም።»

እውነቷን ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እደውል ነበር።

፮

(ይህ የግርጌ ማስታወሻ መሆን ነበረበት። ግርጌ ላይ ካስቀመጥኩት ግን ስለማታነቡት እዚህ አመጣሁት።)

ተዋሕሱ ደቃቅ ነው። ጥንቸልን ፈጥኖ ይገድላል። የታመመች ጥንቸል ትፈዛለች፣ ሩጫዋ ይጠፋል፣ በቀላሉ ትያዛለች። የያዛት ሰው ቆዳዋን ሲገፍፍ በአንዲት ጭረት በኩል ይገባበታል፤ ቁስልና ንፍፊት ይሆናል። በአፍ ከገባ ጉሮሮ ያሳብጣል። በትንፋሽ ከገባ ሳንባ ላይ ይወርዳል፤ ያ ክፉው ነው።

ባለፈው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ኃያላን መንግሥታት ይህን የጥንቸል በሽታ አርብተው፣ ሰው እንዲተነፍሰው ሊበትኑት አስበው ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁ።

እንግዲህ አንዱ ፍጥረት ጫካ ውስጥ የጥንቸል ትኩሳት ነው፣ ቢሮ ውስጥ መሣሪያ ነው። በበሬ ገደል ደግሞ ሦስተኛ ስም ወጣለት።

የደምሰው ዱቄት።

፯

ሙላቷ ሞተች።

አዲሱን መድኃኒት ጀምሬላት ነበር። ቀድሜ ብጀምረው ትተርፍ ነበር ወይ? እንደ ባለሙያ ስጠየቅ «አይታወቅም» እላለሁ። መልሱ ትክክል ነው። አያስተኛም።

ሕፃኗን የሙላቷ እናት አዝለው ወደ ቀብሩ ሄዱ።

ከቀብር መልስ ነው ወሬው የተነሣው። በፖሊስ ጣቢያ ምሥጢር የሚቆየው የቀዱት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ነው፤ ከዞን ተደውሎ «መሣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ጥንቃቄ ይደረግ» ሲባል የሰማ ሰው ለሌላ ሰው ነገረ። ያ ሰው ለባጃጅ ነጂው ነገረ። በመንገድ ላይ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ወደቀ፣ «ነው» ቀረ።

መሣሪያ ካለ ተኳሽ መኖር አለበት። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ማጠራቀሚያው ውስጥ ነጭ ዱቄት የሚጨምር ማን አለ?

«ስሙንስ ልብ ብላችሁታል?» አለ አንዱ። «ደምሰው! እናቱ እንኳ አውቃ ነው ያወጣችለት!»

ደምሰውን ፖሊሶች ከማጠራቀሚያው አውርደው፣ እጁ ላይ ክሎሪኑ እንዳለ ወሰዱት። ያሰሩት ጠርጥረው ነው የሚሉ አሉ፤ ከሕዝቡ ሊሸሽጉት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

፰

ጥያቄ

ኢንስፔክተር ባንተአምላክ ከዞን የተላከ ሰው ነው። ቢሮዬ ገብቶ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከውጭ የሰዉ ጩኸት በመስኮቱ ይገባል።

«ሰውየው ያደረገው ይመስልዎታል?» አለኝ።

«ክሎሪን ነው የሚጨምረው። ክሎሪን ተዋሕስ ይገድላል እንጂ አይወልድም።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም።» በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። «ምንድን ነው ብዬ ልንገራቸው? ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ታመመ። አንዷ ሞተች። አዲስ አበባ መሣሪያ ይላል።»

«አዲስ አበባ መሣሪያ አላለም። ከአውሬ ነው የሚመጣው። ከጥንቸል።»

«እሺ፣ ጥንቸሏ የታለች?»

የሕመምተኞቹን ካርድ ገለጥኩ፤ ጥንቸል የሚል የለበትም።

«ሦስቱንም ጠይቀዋል?»

«ሁለቱን። የለም ብለዋል።»

«እንግዲህ…» ቆቡን አነሣ። «መኪና ከዞን መንገድ ላይ ነው። ሰውየውን ይዤ እሄዳለሁ። ግን ከጣቢያው በር እስከ መኪናው ድረስ ያለችው መንገድ… አዩዋት?»

በመስኮቱ አየሁ። የቀብሩ ነጠላ ገና ከትከሻቸው ያልወረደ ሴቶች። ዱላ የያዙ ወንዶች። ድንጋይ ከመንገድ ዳር እየለቀመ አንድ ቦታ የሚያከማች አንድ ጎልማሳ፤ ቤት የሚሠራ ይመስል ዝም ብሎ፣ ተረጋግቶ።

«ያሉኝ ፖሊሶች ጥቂት ናቸው» አለ ኢንስፔክተሩ። «እነሱም ዘመዶቻቸው ናቸው። ምንጩን ያምጡልኝ።»

፱

ሰው ከሚናገረው ሞቱን የሚመርጠውን ነገር እንዴት እንደሚጠይቁ፦

ወንበር ሳቡ። ቆማችሁ አትጠይቁ።

እስክሪብቶውን አስቀምጡ።

የሚፈራው በሽታውን እንዳይመስላችሁ። ዓይኑ ወዴት እንደሚሸሽ ተመልከቱ። የእማዋይሽ ዓይን «የለም» ባለችኝ ቁጥር ወደ መቁጠሪያው ነበር የሚሄደው።

ስለዚህ መቁጠሪያውን ከክፍሉ አውጡ።

እኔ ይህን ለማድረግ ምክንያት ስፈልግ፣ እማሆይ ራሳቸው ተነሡ። ስለ ልጃቸው መታሰር ሰምተዋል፤ ለምራታቸው ግን ትንፍሽ አላሉም።

«ልጄን ሊያሳዩኝ እንደሆን ፖሊሶቹ በር ላይ እቀመጣለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው እማዋይሽን አዩዋት። «እናንተም የምትነጋገሩት አለ።»

ያውቁ ኖሯል? እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።

፲

ጥያቄ

እኔ፦ እማሆይ ወጥተዋል። አሁን ሁለታችን ብቻ ነን።

እማዋይሽ፦ (የጣቷን ፋሻ ትነካካለች።)

እኔ፦ ጥንቸል ነበረች?

እማዋይሽ፦ ማን ነገርዎት?

እኔ፦ ማንም። ቁስሉ ነው የነገረኝ።

እማዋይሽ፦ መሐንዲሱ ነው። ፈረንጁ። ወጥመድ አለው፣ ከካምፑ ጀርባ። ሰሞኑን ደግሞ ያለ ወጥመድም በእጁ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ ፈዘው ይቀመጣሉ። አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል። በእጁ እያሳየ «እንዲህ ግፈፊ፣ እንዲህ ክተፊ» ይለኛል። ምን ልበል? ሥራዬ ነው። አብስዬ እሰጠዋለሁ፣ እጄን በአመድም በሳሙናም እታጠባለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ቢላዋው ስቶ የቆረጠኝ ያን ጊዜ ነው።

እኔ፦ መሐንዲሱ አልታመመም?

እማዋይሽ፦ ዕረፍት ብሎ አገሩ ሄዷል። ታምሞም እንደሆን ምን አውቃለሁ።

እኔ፦ ሙላቷስ?

እማዋይሽ፦ ቆዳውን እሷ ናት የምታራግፈው። አቶ ጓንጉል ይፈልጉት ነበር፣ ለወንበራቸው። ደጅ ላይ ገመድ ላይ ሰቅላ በዱላ ትመታዋለች፣ ጠጉሩ ይቦናል። እሷ በዚህ ነው የሞተችው?

እኔ፦ ይመስለኛል።

እማዋይሽ፦ ሲጠይቁኝ ነግሬዎት ቢሆን?

እኔ፦ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

እማዋይሽ፦ (አለቀሰች። ከዚያ፦) ሌላም አለ።

እኔ፦ እሺ።

እማዋይሽ፦ ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው ሳይቀምስ ይሠራል? በመጀመሪያው ቀን አልቀመስኩም። ጨው በዝቶበት መሐንዲሱ ተቆጣ። በሁለተኛው ቀመስኩ። በጣቴ ጫፍ። ከዚያ በኋላ… አንዳንዴ ለጨው ብቻ አልነበረም። የቄስ ልጅ ነኝ። ከእማሆይ ጋር በአንድ ገበታ እቆርሳለሁ። እባክሽ ለማንም አትንገሪ። እባክሽ።

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

«አልነግርም» አልኳት። የሕመምተኛ ምሥጢር ነው፤ ቃል የገባሁበት ሥራዬም ነው።

ውጭ አንድ ነገር ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ተሰማ። የፖሊስ ጣቢያው ጣሪያ።

«ምንድን ነው ሰዉ የሚጮኸው?» አለችኝ።

፲፩

ነገርኳት።

መሣሪያ መባሉን፣ ዱቄቱን፣ የባሏን መታሰር፣ እየመጣ ያለውን መኪና። «እንዲህ አድርጊ» አላልኳትም። ምሥጢሩ የእሷ ነው፣ ባሉም የእሷ ነው።

ኮርኒሱን አየች።





«ነጠላዬን አቀብዪኝ» አለች።

፲፪

የግሉኮሱን መስቀያ እየገፋሁ ተከተልኳት። ትኩሳቷ ገና አልለቀቃትም፤ በየርምጃው ትከሻዬን ትይዛለች። የሆስፒታሉ ጥበቃ በሩን እንዳላስከፍተው ለመነኝ። «ዶክተር፣ ይገድሉናል።» እማዋይሽ ራሷ መቀርቀሪያውን ሳበችው።

አስፋልቱ ጠባብ ነው። መኪና ከሌለ ሕፃን ይሻገረዋል።

ሰዉ ሲያያት ለሁለት ተከፈለ፤ አክብሮ አይደለም፣ በሽታውን ፈርቶ ነው። ድንጋይ የሚያከማቸው ጎልማሳ አጠገብ ስናልፍ የሙላቷ ወንድም መሆኑን አወቅሁት። ቀብሩ ላይ የቆፈረበት አፈር አሁንም ክንዱ ላይ ነበር።

እማሆይ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሩ ደረጃው ላይ ቆሟል። ከበስተኋላው፣ በፍርግርጉ በኩል፣ የደምሰው ፊት ይታያል፤ ቅንድቡ ተፈንክቷል። ሚስቱን ሲያይ «ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ።

አልተመለሰችም።

፲፫

«ውኃው አልተመረዘም!» አለች።

ድምፅዋ ከቅርቡ ሰው አላለፈም። ደገመችው። ከዚያ የታሰረውን ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ይሄ የጥንቸል ነው። ካምፑ ውስጥ ጥንቸል እገፍፋለሁ፣ አበስላለሁ። የታመመች ነበረች፤ እኔንም ሙላቷንም የያዘን በሷ ነው። ባሌ ምንም አላደረገም።»

ከዚያ አንዲት ሴት ትፍ አለች። ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ከደነች።

«ውሸት ነው!» አለ የሙላቷ ወንድም። «ባሏን ልታወጣ ነው! ማን አስተማረሽ? ይቺ ዶክተር ናት ያስተማረችሽ?»

«ቀምሼዋለሁ» አለች እማዋይሽ።

«ምን?»

«በልቼዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም።»

ጩኸቱ እንደገና ተነሣ፤ ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ «ውሸት» የሚል። አንድ ድንጋይ መጥቶ መስቀያውን መታው፤ የግሉኮሱ ከረጢት ተወዛወዘ። ኢንስፔክተሩ እጁን ወደ ሽጉጡ ሲወስድ አየሁ፤ ሌሎችም አዩ። ያቺን ቅጽበት አሁንም አስባታለሁ። ያኔ አንድ ሰው ብቻ ቢሮጥ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ እዚህ የምነግራችሁ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

የተነሡት እማሆይ ናቸው።

በዝግታ ነው የተነሡት፤ ጉልበታቸውን ይዘው። ሰዉ አንድ ባንድ ዝም አለ፤ ግማሹን ልጅ ክርስትና ያነሡ፣ ግማሹን ያስታረቁ ናቸው።

«ጥንቸል ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም» አሉ። «ርኩስ ናት። ይህን የማያውቅ እዚህ አለ?»

የለም።

«እንግዲያ ንገሩኝ። ባል ለማዳን ሴት ብዙ ትዋሻለች፤ እኔም በጊዜዬ ዋሽቻለሁ። ግን ቆማ፣ በአደባባይ፣ በአማቷ ፊት፣ እንዲህ ያለ ስም በገዛ ራሷ ላይ የምታወጣ የቄስ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚህ የቀለለ ውሸት አጥታ ነው?»

የሙላቷ ወንድም እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ አየው።

በዚህ መሐል፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከሆስፒታሉ በረንዳ፣ የታነቀ ድምፅ መጣ። አቶ ጓንጉል ናቸው፤ በሌሊት ልብስ፣ ምሰሶ ተደግፈው። መድኃኒቱ ጉሮሯቸውን ትንሽ ከፍቶላቸው ነበር።

«እኔም በልቻለሁ!» አሉ። «ዱለት ነው ብላ ሰጥታኝ እንዳይመስላችሁ! አውቄ ነው! ሁለቴ!»

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ከቀብር የተመለሱት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳቁ። የሚያሳፍር ሳቅ ነበር፤ ሰው ገና ተቀብሮ። ግን ዱላ ይዞ የሚስቅ ሰው ዱላውን ዝቅ ያደርጋል።

የሙላቷ ወንድም አልሳቀም። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠና እዚያው ቁጢጥ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰውን አለቀሰ።

፲፬

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው።

ደምሰው ተፈታ። ከካምፑ ጀርባ ሞተው የተገኙ ጥንቸሎችና የአቶ ጓንጉል ወንበር ላይ የተነጠፈው ቆዳ ተመርምረው ያው ተዋሕስ ተገኘባቸው። ዶክተር ማህደር ደውላ «ተፈጥሮ ነው፣ መሣሪያ አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ» አለችኝ፤ ባልደረባዋም ደኅና ነው። ኢንስፔክተር ባንተአምላክ ሲሄድ እጄን ጨብጦ፣ «ሽጉጤን አውጥቼው ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላወጣህም» አልኩት። «እኔ አላስታውስም» አለ።

ባጃጁ «ውኃው ደኅና ነው» እያለ እንዲዞር ተደረገ። የዞረው አንዴ ነው። እስካሁን ከቧንቧው የማይጠጡ አሉ።

እማዋይሽ ዳነች። ንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጧት፤ ፈጸመች። ካምፑ አልተመለሰችም። ገበያ ስትወጣ ልጆች ሁለት ጣታቸውን ጆሮ አስመስለው ራሳቸው ላይ ያቆማሉ። ሙላቷ ቤት ለቅሶ ሄዳ የሟቿ እናት አስገቧት፤ ሕፃኗን ግን አላሳቀፏትም።

እማሆይ በአደባባይ ያንን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ለምራታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ገበታ ላይ ጨው እንኳ አይጠይቋትም። እሷ ስትገባ እሳቸው ይወጣሉ። ደምሰው መሐል ላይ ሆኖ የሁለቱን ቃል እያመላለሰ ሰለቸው።

፲፭

ቁስሉን ለማየት ቤታቸው ሄድኩ። ደምሰው ሥራ ላይ ነበር። እማሆይ በመስኮቱ ብርሃን ጥጥ ይፈትላሉ። እማዋይሽ ዱካ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ፋሻውን ፈታሁ። ጣቷ ገጥሟል። ጠባሳው ብቻ ቀርቷል።

እንዝርቱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከዚያ እንዝርቱ ቆመ።

«እማዋይሽ።»

ደነገጠች። «አቤት፣ እማሆይ።»

አሮጊቷ በሩን አዩ፤ ዝግ ነው። እኔን አዩኝ፤ የሌለሁ ያህል አለፉኝ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቁጣ ነው እንዳልል ዓይናቸው ሌላ ነው። ሳቅ ነው እንዳልል ከንፈራቸው አልተከፈተም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ… ምን ምን ይላል?»

፲፮

መልስ

እማዋይሽ መልሳለች። ሰምቻለሁ፣ ከአጠገቧ ነበርኩ። ግን አንድ ጊዜ «አልነግርም» ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ቦታውን ትቼላችኋለሁ።

«
 
 

 
 
»